ከእሳቱ በፊት፣ ከእሳቱ በኋላ

ልጄ፣ የምትሠሪያትን ትንሽ የሞዴል መርከብ የሚያሳየውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። የመርከቢቱ የጀርባ አጥንት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የጎን አጥንቶቿም ተራቸውን ጠብቀው ተሰድረዋል። እጅሽ ደህና ነው። ችግሩ ያለው አፍንጫዋ ላይ ነው። ጣውላው እዚያ ሲደርስ እየተሰበረ አስቸግሮሽ፣ «ውሃ ውስጥ በደንብ ነክሬው ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርገው?» ብለሽ ጽፈሻል። እኔን ከመጠየቅሽ በፊት የተሰበረውን ቁራጭ መጠየቅ ነበረብሽ። እሱ ከእኔ የተሻለ ይመልስልሻል።

ቁራጩን አንሺና መስኮት አጠገብ ወስደሽ ስብራቱን ተመልከቺው። ስብራቱ ረዝሞና ሾሎ፣ ስንጣሪው ወደ ጎን ወጥቶ ከሆነ፣ ጥፋቱ የመጋዙ ነው። የእንጨቱ ጅማት ከጣውላው ጫፍ እስከ ጫፍ አልሄደም፤ መሃል ላይ አቋርጦ በፊቱ በኩል ወጥቷል። እንዲህ ያለውን ጣውላ ሳምንት ብትነክሪውም ሲታጠፍ እዚያው ቦታ ላይ ይላቀቃል። ስብራቱ አጭርና ድፍን ሆኖ፣ «ቀጭ» ብሎ እኩል የተቆረጠ ከመሰለ ደግሞ እንጨቱ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ በምድጃ ሙቀት ተቻኩሎ የደረቀ ጣውላ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ውጪው ሳይሰበር የውስጥ ፊቱ ተሸብሽቦ ካየሽው፣ ጣውላው ደህና ነው፣ የወፈረው ግን አንቺ ከጠየቅሽው እጥፋት በላይ ነው። ከፎቶው እንዳየሁት ያንቺ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ውሃው አልበደለሽም።

እኛ ዘንድ ዱላ የሚያርቁ ሽማግሌዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ይህ ነው፦ እንጨት የሚታጠፈው እሳት ላይ አይደለም። ግማሹ ሥራ ሲመረጥ ያልቃል፤ የቀረው ግማሽ ታስሮ ሲደርቅ። እሳቱና ጉልበቱ መሃል ላይ ያሉ አጭር ነገሮች ናቸው። ወጣት ሁሉ ግን ላቡን የሚያፈሰው መሃሉ ላይ ነው፤ እንጨት ገዝቶ ሲመጣ ይቸኩላል፣ ታጥፎ ሲያየው ደግሞ ሳይደርቅ ይፈታዋል።

አገራችን መንዝ ዛፍ የጠገበ አይደለም። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ስትወጪ ዓይንሽ የሚያርፈው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ባለው ጽድ፣ በየመንደሩ ጥግ በተተከለው ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ በሜዳውና በሰማዩ ላይ ነው። ወደ ጓሳ ብትዘልቂ ሣሩ፣ አስታውና ጅብራው ነው የሚጠብቅሽ። ምድጃችንም የኖረው በኩበት ነው። እንጨት ብርቅ በሆነበት አገር ጠማማ ዱላ አይጣልም፤ ይታረቃል። ስለዚህ የቆላው ሰው ቀጥ ያለውን መርጦ ሲቆርጥ፣ ደገኛው ጠማማውን ማቅናት ተማረ።

አሠራሩን ልንገርሽ፤ ላንቺ ጣውላ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ወይራው የሚቆረጠው እርጥብ ሳለ ነው። ቅርፊቱ ሳይላጥ ረመጥ ውስጥ ይቀበራል። የኩበት ረመጥ ነበልባል የለውም፤ ሙቀቱ ዝግ ያለና እኩል ስለሆነ እንጨቱን ሳያቃጥል ውስጡ ድረስ ይደርሳል። ቅርፊቱም ርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ ማለትም ዱላው በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ጫፉ ላይ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ሲወጣ ዱላው ከረመጡ ይወጣና ቅርፊቱ ትኩስ እንዳለ ይገፈፋል። ከዚያ ዛፍ ባላ መሃል ይገባል፤ ባላ ከሌለ የበር መቃን ላይ ይደገፋል፤ ጠማማው ቦታም ወደ ተቃራኒው ይጫናል። ጎበዝ አራቂ እዚህ ላይ አይታገልም። ጫን ያደርጋል፣ ለቀቅ ያደርጋል፣ መልሶ ጫን ያደርጋል፤ እንጨቱ እሺ ሲል መዳፉ ላይ ይሰማዋል። ልክ ቀጥ ሲልም አያቆምም፤ ጥቂት አሳልፎ ወደ ማዶ ያጎብጠዋል፣ ሲለቀው መመለሱ ስለማይቀር። በመጨረሻ ከቀጥ ያለ ማገር ጋር በጠፍር ጠፍሮ ከምድጃው በላይ ጣሪያው ሥር ይሰቅለዋል። ዱላው እዚያው ይከርማል። ደርቆ ሲወርድ ቅቤ ወይም ሞራ ይጠጣል፣ ያን ጊዜ ነው ዱላ የሚባለው። አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው መስቀያው እንጂ ረመጡ አይደለም፤ ይህን ልብ በይልኝ።

አሁን ወደ ጣውላሽ እንምጣ። የመጀመሪያው ነገር እንጨቱ ነው። የእንጨት ጅማት እንደ ነዶ የታሰረ ነገር ነው፤ ነዶው ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልተበጠሰ ይለመጣል፣ መሃሉ ከተቆረጠ ግን ምንም ቢያስሩት ይፈታል። መጋዝ የነዶውን መንገድ አያውቅም፤ አንቺ በመራሽው ይሄዳል። ሽብልቅ ግን ያውቃል። ስለዚህ የምትሠሪበትን ግንድ ቁራጭ መጀመሪያ በመጥረቢያና በሽብልቅ ሰንጥቂው። ስንጥቁ የተከተለው መንገድ የጅማቱ መንገድ ነው። ከዚያ ያንን ፊት በመላጊያ አስተካክለሽ፣ መጋዙን ከእርሱ ጋር ትይዩ አድርገሽ ስስ ጣውላ አውጪ። እንጨት ይባክናል፣ እውነት ነው። የሚባክነው ግን ዛሬ መሬት ላይ እንጂ ነገ መርከቢቱ አፍንጫ ላይ አይደለም። ቋጠሮ ያለበትን ቁራጭ ለቀጥታው ቦታ አስቀሪው፤ ለአፍንጫዋ አይሆንም።

የትኛው ዛፍ? ባሕር ዛፍን ተይው። ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ለማገርና ለቋሚ የተፈጠረ ነው ብንል አናጋንንም። ጽድ ሽብልቅ ሲገባበት ቀጥ ብሎ ይከፈላል፣ ሽታውም ደስ ይላል፤ ነገር ግን እንደ ጽድና ዝግባ ያሉት ቅጠለ ጠባብ ዛፎች በእንፋሎት ሲታጠፉ ከሰፊ ቅጠሎቹ ያነሰ ትዕግሥት ነው ያላቸው። ለቀጥታው የመርከቧ ወለል ይሁኑልሽ። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ከባድ ነው፣ የመላጊያሽን ስለት ይበላዋል፤ ለዱላ እንጂ ለአንድ ሚሊ ሜትር ጣውላ አልመክርሽም። እኔ ብሆን ዋንዛ እይዝ ነበር። ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ቀለሙም ሳይቀባ የመርከብ ቀለም ነው። ቀርከሃ በደረቅ ሙቀት እንኳ ይታጠፋል፤ አንጓው ግን ስለሚያስቸግር ከአንጓ እስከ አንጓ ያለውን አጭር ቁራጭ ለበርሜል ቀለበትና ለመሳሰለው ተጠቀሚበት።

ታዲያ አንድ ነገር አደራ። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በሕግ የተጠበቁ ዛፎች ናቸው። ለአንዲት ክንድ ለማትሞላ መርከብ ዛፍ አይቆረጥም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ወንበርና አልጋ የሚሠሩ ቤቶች ደጃፍ ላይ የሚጣለው ቁራጭ ላንቺ ሦስት መርከብ ይሆናል። ጠይቀሽ ውሰጂ፤ ከተቻለ ደግሞ ቤት ውስጥ ተቀምጦ በነፋስ የደረቀውን ምረጪ። እሱ ጥቂት ርጥበት ያስቀራልና በምድጃ ከደረቀው ይልቅ እሺ ባይ ነው።

ጓሳን ካነሳሁ አይቀር፣ የመንዝ ሰው ስለ መጠበቅ የሚያውቀውን እግረ መንገዴን ላንሳ። የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ ከብትም አጫጅም አይገባበትም፤ ከዚያ ሲፈቀድ ሁሉም ያጭዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ዛሬ የአካባቢው ማኅበረሰብ በራሱ ደንብ ይጠብቀዋል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ የሚሆነው ረጅም ሣር የሚገኘው ቆይቶ ከታጨደ ብቻ ነው። ያለ ጊዜው የታጨደው ለከብት ይሆናል እንጂ ገመድ አይሆንም። ሳይቸኩሉ የሚያደርቁት ጣውላም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር ውፍረት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሺኝ። ጣውላ ሲታጠፍ የውጪው ፊት ይወጠራል፣ የውስጡ ይጨመቃል። ርሶ የሞቀ እንጨት መጨመቅን ይችላል፤ መወጠርን ግን እምብዛም አይችልም። በእንፋሎት የራሰ ጥሩ እንጨት እስከ ርዝመቱ ሩብ ድረስ ሊጨመቅ ይችላል፤ መወጠር የሚችለው ግን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣውላ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ከውጪ በኩል ነው። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ጣውላ 10 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ላይ ስታጠፊ ውጪው በመቶ 1 ያህል ይረዝማል፤ ይችለዋል። ያንኑ ጣውላ 3 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ላይ ብታመጪው በመቶ ከ3 በላይ ትጠይቂዋለሽ፤ ይሰበራል። አሁን ውፍረቱን ወደ 1 ሚሊ ሜትር አውርጂው፤ እዚያው 3 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚጠየቀው በመቶ 1.7 ገደማ ይሆናል። ደግሞም ጣውላ በግማሽ ሲሳሳ ለማጠፍ የሚፈልገው ኃይል ወደ ስምንተኛ ነው የሚወርደው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ጣውላ ከማስገደድ ሁለት ስስ ጣውላ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ማጣበቅ ይሻላል። የታችኛው ድርብ መልክ ባይኖረውም ግድ የለም፤ ማንም አያየውም።

ይህን የውጥረት ነገር በትልቅ ሥራ ላይ በሚገባ የተጠቀመበት ሚካኤል ቶኔት የተባለ ጀርመን ተወላጅ አናጢ ነው። ቪየና ውስጥ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1859 «ቁጥር 14» የሚባለውን ባለ ክብ መደገፊያ ወንበር ሠራ፤ በየቡና ቤቱ ያለው ወንበር የእርሱ ዘር ነው። ዘዴው ቀላል ነበር። እንጨቱን በእንፋሎት ካራሰ በኋላ በውጪ ፊቱ ላይ የብረት ልባጥ ያስርበታል፣ ጫፍና ጫፉንም ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። ሲታጠፍ ብረቱ መወጠሩን ስለሚሸከም እንጨቱ በሙሉ መጨመቅ ብቻ ይደርስበታል። ላንቺም ከቆርቆሮ ጣሳ የተቆረጠ ስስ ልባጥ ይበቃሻል፤ ጣትሽን እንዳይቆርጥ ጠርዙን በሞረድ አለስልሺው እንጂ።

ሦስተኛው ውሃና ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻውን ስስ ጣውላን በጥቂቱ ያለሰልሰዋል። ጅማቱን እርስ በርሱ አጣብቆ የያዘው ሊግኒን የሚባለው ነገር ግን የሚላላው ርጥበትና ሙቀት አንድ ላይ ሲያገኙት ነው። ሙቀት ከሌለ ውሃው ያሳብጠዋል፣ ውሃ ከሌለ ሙቀቱ ያቃጥለዋል። የመርከብ ሠሪዎች የቆየ ልማድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት በእንፋሎት ማቆየት ነው። ይህ ልማድ ግን የባሕር ዳርቻ ሰዎች ልማድ ነው፤ ምጽዋ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃንም ከዚያ እምብዛም አይርቅም። መንዝ ላይ ባቄላ ለማብሰል ምን ያህል ማገዶ እንደሚፈጅ ታውቂ የለም? እንጨትም እንደ ባቄላው ጊዜ ይፈጃል። ወደ ዓለም ከተማ ወርደሽ ብትሠሪው ትንሽ ይፈጥናል፤ ጀማ ወንዝ ድረስ ብትወርጂማ ይበልጥ ይፈጥናል። እኛ ደጋ ላይ ስላለን ሰዓቱን መጨመር እንጂ እሳቱን ማጋጋል አይረዳም፤ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱ ቢበረታ እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

ለ1 ሚሊ ሜትር ጣውላ ግን ትልቅ ነገር አያስፈልግሽም። ክዳን ባለው ረጅም ጣሳ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል በፈላ ውሃ አቆዪው፤ ስታወጪው በሁለት ጣትሽ አላላ እያልሽ ፈትኚው። ከሙቅ ውሃ ወጥቶ ቅርጽ ላይ እስኪታሰር ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ ቅርጹን፣ ክሩን፣ መቆንጠጫውን አስቀድመሽ አዘጋጂ። ብዙ ሰው ጣውላውን አውጥቶ ክር ፍለጋ ይሄዳል። በጣም ለጠበበ እጥፋት ፍም የተሞላ የብረት ቧንቧ ጥሩ ነው፤ እርጥቡን ጣውላ በቧንቧው ላይ እያዟዟርሽ ስታጠፊው እንፋሎት ሲወጣ ታያለሽ፤ እንፋሎቱ ሲቆም ግን ወዲያው አንሺው፣ ውሃው አልቋልና መቃጠል ይጀምራል። ካውያም በእርጥብ ጨርቅ ላይ ሆኖ ይሠራል። እየቆነጠጠ የሚያጥፈውን ፒንሳ ግን አልወድልሽም። እሱ እንጨቱን አያጥፈውም፤ በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ይሰብረዋል፣ ስብራቱም ተደርድሮ እጥፋት ይመስላል።

አሁን የምነግርሽን ብዙ ሠሪ ዘግይቶ ነው የሚደርስበት። ጣውላ በሆዱ ይታጠፋል፤ በጎኑ አይታጠፍም። የመርከቢቱ ቀፎ መሃል ላይ ሰፊ፣ አፍንጫዋ ላይ ጠባብ ነው። እኩል ስፋት ያላቸውን ጣውላዎች ይዘሽ ከመሃል ተነስተሽ ወደ አፍንጫዋ ስትሄጂ ቦታ ያጥራል፣ ጣውላውም ወደ ላይ ይንጋደዳል። ያን ጊዜ ሰው በጉልበት ወደ ታች ይጎትተዋል፤ የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው። መፍትሔው ማጠፍ አይደለም፣ ማጥበብ ነው። በወረቀት ልክ የመሃሉን አጥንት ዙሪያ ለኪ፤ 90 ሚሊ ሜትር ቢሆን ባለ 5 ሚሊ ሜትር ጣውላ 18 ይበቃዋል። ከዚያ አፍንጫዋ አጠገብ ያለውን አጥንት ለኪ፤ 54 ቢሆን እያንዳንዱ ጣውላ እዚያ ላይ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት ማለት ነው። በየአጥንቱ ላይ ይህን ምልክት አድርጊና ጣውላውን በመላጊያ እያጠበብሽ ሂጂ። ከግማሽ በታች ግን አታጥብቢው፤ ምስማር መያዣ፣ ኮላ መቀበያ ያጣል። ከዚያ በታች የሚጠይቅ ቦታ ከመጣ ሁለቱን ጣውላ በአንድ አስጨርሺው። አንዱን በግራ ካኖርሽ ቀጣዩን በቀኝ አኑሪ፤ አንዱን ጎን ጨርሰሽ ወደ ሌላው ከሄድሽ ጣውላዎቹ የጀርባ አጥንቱን ጎትተው ያጣምሙታል፣ የተጣመመ የጀርባ አጥንት ደግሞ አይታረቅም።

ሁሉንም ነገር ላጥፍ አትበይ። ገበሬ ለእርፍ የሚሆን እንጨት ሲፈልግ ቀጥ ያለ ቆርጦ አያጎብጥም። ሞፈር፣ ቀንበርና ድግር ተጠርበው ይስተካከላሉ፤ እርፍ ግን ዛፉ ላይ ሳለ የጎበጠውን ፈልጎ፣ አንዳንዴም ገና ሳይደርስ ዓይኑን ጥሎበት ቆይቶ ነው የሚቆርጠው። የጎበጠውን ቅርጽ የሚሸከመው ጅማቱ አብሮ የጎበጠው ነውና። የድሮ መርከብ ሠሪዎችም ከወለሉ ወደ ጎን የሚታጠፈውን ጉልበት የሚሉትን እንጨት የሚያወጡት ቅርንጫፍ ከግንድ በሚለይበት ባላ ላይ ነበር። አንቺም ለአፍንጫዋ ኩርባ የሚሆነውን ትንሽ ባላ ከየትም ቅርንጫፍ ታገኚዋለሽ። ካገኘሽው ጥረቢው፤ በእሳት አታሰቃዪው።

አራተኛው ነገር ማድረቅ ነው። ጣውላው በቅርጹ ላይ ታስሮ እስከሚቀጥለው ቀን ይቆይ። በበጋ ነፋስ ቶሎ ይደርቃል፤ በክረምት ግን መንዝ ላይ ጉሙ ከደጃፍ ሲገባ ሁለትና ሦስት ቀን ተዪው። ቅርጹን ከምትፈልጊው እጥፋት ትንሽ አጥብቀሽ ሥሪው፤ ሲፈታ ይመለሳልና። ምን ያህል እንደሚመለስ አንድ ቁራጭ ሞክረሽ እይ፤ እንጨቱ ይነግርሻል። እርጥብ ጣውላ ኮላ አይነካው። ርሶ አብጦ ሳለ ብታጣብቂው ሲደርቅ ይኮማተርና በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ያንን ክፍተት በእንጨት ዱቄትና በኮላ ደፍነሽ ልትሸፍኚው ትችያለሽ፣ ግን አንቺ ታውቂዋለሽ። በደረቀ ጣውላ ጀምረሽ ካሳሳሽው፣ ካራስሽው፣ አስረሽ ካደረቅሽው በኋላ መርከቧ ላይ ስታኖሪው ጣትሽ ብቻ ይበቃል። ጉልበት የሚጠይቅሽ ጣውላ ገና ያልደረሰ ነው፤ መልሺው።

በመጨረሻ ስለ መርከቡ ራሱ አንድ ነገር ልበልሽ። ከመድፍ ተራው እንዳየሁት የምትሠሪው የአውሮፓ የጦር መርከብ ነው። ክፋት የለውም፤ እጅ ይፈታበታል። የእኛ መርከብ ግን ሌላ ነበር። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ በ525 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ.) ከአዱሊስ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕምያር ድረስ ጦር አዘምቷል። የዚያን ጊዜ የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ስለዚህ ባሕር መርከቦች ሲጽፍ ጣውላዎቻቸው በብረት ምስማር እንዳልተመቱ፣ በገመድ እንደተሰፉ ይነግረናል። ሰዉ ይህ የሆነው በባሕሩ ላይ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው ይል ነበር፤ እሱ ግን አልተቀበለውም፤ የብረት እጥረት ነው ምክንያቱ ብሏል። እኔ የእርሱንም ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። የአክሱም ሰው ብረት አያጣም ነበር። የተሰፋ ጣውላ ማዕበል ሲመታው ይላወሳል፣ አይሰነጠቅም፤ ገመዱ ሲያረጅ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። ብሪታኒያዊው ተጓዥ ቲም ሰቨሪን እ.ኤ.አ. በ1980 አንድም ምስማር በሌላት በገመድ በተሰፋች «ሶሃር» በምትባል መርከብ ከኦማን ተነስቶ በ1981 ቻይና ደርሷል፤ ስለዚህ ዘዴው ተረት አይደለም።

ይህ ላንቺ ለምን እንደሚጠቅም ልንገርሽ። በሕንድ ውቅያኖስ የስፌት ባህል ጣውላው ነው የሚቀድመው፤ የጎን አጥንቶቹ በኋላ ይገባሉ። ጣውላው የሚደገፍበት አጥንት የለም ማለት ነው። በትክክል ያልተመረጠ፣ በትክክል ያልደረቀ ጣውላ የሚደብቀው ነገር አያገኝም። እስካሁን የነገርኩሽ ነገር ሁሉ ለዚህ ዓይነቱ መርከብ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። ጠርዝ ጠርዙን በስስ ወስፌ እየበሳሽ፣ በሰም በተለቀለቀ የጥጥ ክር እየሰፋሽ ሥሪው፤ ሰሙ ከጧፍ ይበቃል።

ባለ መድፏን ጨርሻት፤ የጀመሩትን መተው ጥሩ አይደለም። ቀጥለሽ ግን የአዱሊስን መርከብ ሥሪልን። የእንግሊዝና የስፔን መርከብ የሚሠራ እጅ በየአገሩ ሞልቷል፤ የካሌብን መርከብ ለመሥራት ግን ከእኛ ልጆች የቀረበ ማንም የለም። ጣውላውን ከዛሬ ጀምረሽ ምረጪና በጥላ አስቀምጪው፤ ለሚመጣው በጋ ይደርሳል።